ዲስክ ላይ የመጻፍ ተራ

ፕሮግራም ፋይል ሲጽፍ ዲስኩን በራሱ አይነካም፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ይጠይቃል። ከርነሉ ዳታውን ወደ ራም ይገለብጥና «ተጽፏል» ብሎ ፕሮግራሙን ያሰናብተዋል። ዲስኩ ጋ የሚደርሰው በኋላ ነው። መቼ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ከማን ቀድሞ የሚለውን የሚወስነው ከርነሉ ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጠቃሚ ከሚያገኛቸው አገልግሎቶች ይህን ያህል ጠቅሞ ይህን ያህል የተረሳ ጥቂት ነው።

«በኋላ» የሚባለው በሊኑክስ ልክ አለው። ራም ላይ ተለውጦ ዲስክ ላይ ገና ያልሰፈረ ገጽ፣ ማለትም የዳታ ቁራጭ፣ «የቆሸሸ» ይባላል። ማንም ቅንብሩን ካልነካካው፣ ከርነሉ በየ5 ሰከንዱ እየነቃ ከ30 ሰከንድ በላይ የቆየውን ገጽ ወደ ዲስክ ይልካል። የቆሸሹት ገጾች ካለው ነጻ ራም 10 በመቶ ካለፉ ዕድሜያቸውን ሳይጠብቅ ይጀምራል፤ ወደ 20 በመቶ ሲጠጉ ደግሞ የሚጽፈውን ፕሮግራም ራሱን ያዘገየዋል። ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ መጀመሪያ በርሮ መሃል ላይ ቀጥ የሚለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ቫይረስ ነው ብሎ ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግ የማያስፈልግ ድካም ነው።

ከሁሉ የከፋው የተሳሳተ እምነት «ኮፒው አልቋል» ማለት «ፋይሉ ፍላሹ ላይ ነው» ማለት ነው የሚለው ነው። አሰላም ሆነ ጮሌ፣ አዲስ አበባም ቢሆን፣ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት የቆመ ሰው ይህን በየቀኑ ያያል፤ መስኮቱ ገና ከመዘጋቱ ፍላሹ ተነቅሎ ኪስ ይገባል። 8 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ብዙም ሥራ ያልበዛበት የሊኑክስ ማሽን 300 ሜጋባይት ቪዲዮ ሙሉ በሙሉ ራሙ ላይ ሊቀበል ይችላል። ፍላሹ በሰከንድ 5 ሜጋባይት የሚጽፍ ከሆነ፣ ስክሪኑ ጨርሻለሁ ካለ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ሥራ ይቀራል። በዚያች ደቂቃ የተነቀለ ፍላሽ የፋይሉን ስምና መጠን በትክክል ያሳይ ይሆናል፤ ሲከፈት ግን ግማሹ የለም። ከዚያ በኋላ የሚወቀሰው ፍላሹ ነው፤ ሻጩም አብሮ ይወቀሳል። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 1809 እትሙ፣ ከውጭ በሚሰኩ ዲስኮች ላይ ይህን ማቆየት እንዲተው ተደርጓል። ያም ቢሆን መገልበጥ ገና ሳያልቅ የሚነቅለውን ሰው አያድነውም። «በደህና አስወግድ» የምትለው ትእዛዝ ለጌጥ አልተቀመጠችም፤ የቀረውን ሁሉ አሁኑኑ ጻፍ ማለት ናት። መብራት በድንገት ሲጠፋ ባትሪም ዩፒኤስም የሌለው ኮምፒውተር የሚያጣው እነዚሁኑ ያልተጻፉ ገጾች ነው።

ታዲያ ከርነሉ ለምን ያዘገያል? የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል፤ የተፈለገው ቦታ ከሚያነብበውና ከሚጽፈው ጭንቅላት ሥር እስኪደርስ በአማካይ 4 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ጭንቅላቱ ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሄድ ደግሞ 8 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። የተበታተኑ ትንንሽ ጽሑፎች በመጡበት ተራ ቢላኩ በሰከንድ መቶ አይሞሉም። ቆይተው ሲጠራቀሙ ግን ጎረቤት የሆኑት ተጋጥመው አንድ ይሆናሉ። ተጽፎ ወዲያው የተሰረዘ ጊዜያዊ ፋይልማ ዲስኩን ሳይነካ ይቀራል።

የተጠራቀመውን የሚደረድረው ክፍል መርሐ ግብር አውጪ ይባላል። ከአሰላ ተነስቶ ጮሌ የሚደርስ ሚኒባስ ተሳፋሪውን በተሳፈረበት ተራ አያወርድም፤ በመንገዱ ላይ ባለው ቅደም ተከተል እንጂ። ጥንታዊው ዘዴ ጭንቅላቱን እንዲሁ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይነዳዋል። ችግሩ በመንገዱ አጠገብ አዳዲስ ጥያቄ ሲጎርፍ ሩቅ ጥግ የቀረው መራቡ ነው፤ በሊኑክስ 2.4 ዘመን የታወቀ ስሞታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ከወጣው 2.6 ጋር የመጣው፣ የየንስ አክስቦ ሥራ የሆነው «ዴድላይን» ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቀነ ገደብ ሰጠ፤ ለንባብ ግማሽ ሰከንድ፣ ለጽሑፍ 5 ሰከንድ። ልዩነቱ አድልዎ ይመስላል፤ ግን ትክክል ነው። የሚያነብ ፕሮግራም ዳታው እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል፤ የጻፈው ግን አስቀድሞ ተሰናብቷል።

መዘግየቱን የማይችል ፕሮግራም፣ ለምሳሌ የባንክ ዳታቤዝ፣ «ኤፍሲንክ» በሚባል ጥሪ ከርነሉን አሁኑኑ ጻፍ ብሎ እስኪጻፍ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ጥሪው ዲስኩ በራሱ ውስጥ ያቆየውን ጭምር እንዲያራግፍ ያዛል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ባለሙያዎች ደስ የማይል ነገር አገኙ፤ መጻፍ ሲከሽፍ ሊኑክስ ስህተቱን አንዴ ተናግሮ ገጹን ንጹሕ አድርጎ ይቆጥረዋል። ዳታቤዙ ጥሪውን ሲደግመው «ተሳክቷል» ይባላል፤ ዳታው ግን የትም የለም። ፖስትግሬስ ከዚያ ወዲህ ኤፍሲንክ ሲከሽፍ ከመድገም ይልቅ ራሱን አቁሞ ከመዝገቡ እንደገና ይነሣል።

በኤስኤስዲ ላይ ጭንቅላትም ሽክርክሪትም የለም፤ ስለዚህ የድርድሩ ጥቅም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሊኑክስ 5.0 የድሮዎቹን መርሐ ግብር አውጪዎች አስወጥቶ ጥያቄዎችን በብዙ ሰልፍ ለሚያስተናግደው አሠራር የተጻፉትን ብቻ አስቀረ፦ ኤምኪው ዴድላይን፣ ቢኤፍኪው፣ ካይበር፣ ወይም ምንም። ባለ አንድ ሰልፍ ዲስክ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ይሰጠዋል፤ ፈጣኖቹ ኤንቪኤምኢ ዲስኮች ደግሞ የመጨረሻው። ሲስ በሚባለው ማውጫ ሥር ለየዲስኩ አንድ ትንሽ ፋይል አለች፤ ስትነበብ ያሉትን ስሞች ትዘረዝራለች፣ የተመረጠው በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይታያል። ሌላውን ስም እዚያው መጻፍ ኮምፒውተሩን ሳያስነሡ ምርጫውን ይለውጠዋል።