«ብርድ ነው» ተብሎ የሚታለፍ የሽንጥ ሕመም

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ብዙዎቻችን «ብርድ መታኝ» ብለን በትኩስ ነገር የምናባብለውን የሽንጥ ሕመም ነው።

ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የምትገኝ፣ ሙቀቷ የበረታ ከተማ ናት። የተባበሩት መንግሥታት የደቡብ ሱዳን ተልእኮ በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ ሰላም ለማስከበር ከዘመቱት መካከል ኢትዮጵያውያንም ይገኙበታል። በዚያ ፀሐይ የብረት ቆብ ደፍቶ ዘብ የሚቆም ወታደር የጠጣው ውኃ በላብ ያልቃል፤ ሽንቱ ያንሳል፣ ይጠቁራል፤ ለጠጠርም ይመቻል። አገር ቤት የቀረችው ባለቤቱ ደግሞ ሌላ ሥጋት አለባት። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር በመሆኑ ተሕዋስያን ወደ ፊኛ በቀላሉ ይዘልቃሉ፤ በእርግዝና ጊዜም ወደ ኩላሊት የመውጣታቸው ዕድል ይጨምራል።

መድኃኒቱ በሁለት ቀን ሲቋረጥ ሕመሙ ዝም ይላል እንጂ ሁልጊዜ አይጠፋም። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች የሽንቱን ጠባይ ለውጠው ራሳቸው ጠጠር ይሠራሉ፤ በጠጠሩ ውስጥም ይደበቃሉ። ጠጠሩ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ አውጥቶ ኩላሊቱን ሲሞላ መግሉ መውጫ ያጣል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥቂቶችን ብቻ የሚያገኝ፣ ነገር ግን ሐኪምን ጭምር የሚያሳስት ነው። የኩላሊቱ ሥጋ እየተበላ በቦታው ስብ የተሞሉ ቢጫ ሕዋሳት ይተካሉ፤ ይህን ሁኔታ ሽላገንሃውፈር የተባለ ሐኪም በ1916 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። ይበልጥ የሚታየው በመካከለኛ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ነው። ታማሚዋ ትከሳለች፣ ትኩሳቷ ይመላለሳል፣ በሽንጧም እብጠት ይዳሰሳል፤ በራጅ ሲታይ ካንሰር ይመስላል። ብዙውን ጊዜ መፍትሔው ኩላሊቱን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። እንደ እድል ሆኖ ሁለተኛው ኩላሊት አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው።

መግሉ ከኩላሊቱ ሲወጣ የሚሄድበት መንገድም ያስገርማል። ወደ ወገብ ጡንቻ ከወረደ ሰውየው ዳሌውን መዘርጋት አቅቶት ያነክሳል፤ ወለምታ ነው እየተባለም ይታሻል። በጀርባ ቆዳ ወይም ወደ አንጀት ቀዳዳ ሊያበጅ ይችላል፤ እጅግ አልፎ አልፎም ወደ ሳንባ ዘልቆ በሳል ይወጣል! የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ጋዝ በኩላሊቱ ውስጥ ሊፈጠር ይችላል፤ ይህ አንድ ሌሊት እንኳ የማይታደርበት አደጋ ነው።

ለዓመታት የቆየ መግል ሌላም ጣጣ አለው። ጠባዩ የተለወጠ ፕሮቲን በሁለቱም ኩላሊቶች ይከማቻል፤ እግር ያብጣል፣ ሽንት አረፋ ይበዛዋል፣ በመጨረሻም ኩላሊቶቹ ይደክማሉ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል፤ ነገር ግን ለጋሽ ያስፈልጋል።

የሽንጥ ሕመም ከትኩሳትና ከማንቀጥቀጥ ጋር ከመጣ፣ ወይም በዓመት ውስጥ ከተመላለሰ፣ የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ ይጠየቅ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ የወሰዳችሁትን ክኒን ማሸጊያ ያዙ፤ ስንት ቀን እንደዋጣችሁትም በትክክል ንገሩ።