አፈሩ ካልላላ ዛፉ አይጠጣም
የከሰል ማዕድን የወጣባቸው ተራሮች ደናቸውን መልሰው የሚያገኙት እንዴት ነው?

አንባቢ ሆይ! ከብት ዘወትር የሚመላለስበትን መንገድ ልብ ብለው ተመልክተውት ያውቃሉ? ግራና ቀኙ ሣር ለብሶ ሳለ መካከሉ ግን ደርቆ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። ዝናብም ሲወርድበት ውሃው ቁልቁል ይፈሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም። በአሜሪካ አገር በአፓላቺያ ተራሮች ላይ የደረሰውን ነገር ለመረዳት ይህን መንገድ ማሰብ ይበቃል።

የአፓላቺያ ተራሮች በምሥራቅ አሜሪካ የተዘረጉ ሲሆኑ፣ ኬንታኪንና ዌስት ቨርጂኒያን በመሳሰሉት ግዛቶች የድንጋይ ከሰል ይወጣባቸዋል። ከሰሉን ከላይ ለማውጣት ሲፈለግ ደኑ ይመነጠራል፤ ዐለቱም በድማሚት ይፈርሳል። ቀድሞ ፍርስራሹ ወደ ቁልቁለቱ ይገፋ ስለ ነበረ እየተናደ ሸለቆውንና ወንዙን ያበላሽ ነበር። ስለዚህ በ1977 እ. ኤ. አ. ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት ሕግ ወጣ። ይኸውም ኩባንያዎቹ መሬቱን ወደ ቀድሞ መልኩ እንዲመልሱና በተክል እንዲሸፍኑ፣ እስኪፈጽሙም ድረስ የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዙ የሚያዝ ነው።

ሕጉ መልካም ነበር። ነገር ግን ኩባንያዎቹ አፈሩ እንዳይናድ ሲሉ በከባድ ቡልዶዘር ደጋግመው ጠቀጠቁት፤ ደልድለውም ሣር ዘሩበት። ከሩቅ ለሚያየው ለምለም መስክ ነው። ዛፍ ሲተከልበት ግን ብዙው ይደርቃል፤ የተረፈውም ቀጭጮ ይቀራል።

ምክንያቱ የዝናብ ማነስ ነው እንዳይሉ፣ በዚያ አገር በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል። ጉዳዩ ያለው ከአፈሩ ውስጥ ነው። ደኅና አፈር ትላልቅና ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ትላልቆቹ ውሃና አየር ያስገባሉ፤ ትናንሾቹ ውሃውን ለደረቁ ወራት ያቆያሉ። አፈር ሲጠቀጠቅ አስቀድመው የሚጠፉት ትላልቆቹ ናቸው። ያን ጊዜ ዝናቡ ጎርፍ ሆኖ ያልፋል፤ ሥሩም ወደ ታች መውረድ አይችልም። ችግኙ ከላይ ባለችው ጥቂት እርጥበት ብቻ ይኖራል፤ እርሷንም ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለው ሣር ይሻማዋል።

የቁልቁለቱም አቅጣጫ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በዚያ አገር የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትሆን፣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ያዘነበለው ገጽ ቶሎ ይደርቃል፤ ወደ ሰሜን ያዘነበለው ግን እርጥበቱን ያቆያል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዛፍ ለተራራው ሁሉ አይሆንም።

የኬንታኪና የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ሊቃውንት ነገሩን ለብዙ ዓመታት ከመረመሩ በኋላ አንድ ዘዴ ተገኘ፤ ከ2004 እ. ኤ. አ. ጀምሮም መንግሥትና ግዛቶቹ በኅብረት ያስፋፉት ጀመር። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ተራራውን የሚሸከመው የውስጡ ሙሌት እንደ ጠነከረ ይቆያል። ከላይ ግን ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር የሚሆን አፈር ወይም የቡናማ አሸዋ ድንጋይ ስብርባሪ ሳይጠቀጠቅ ይነሰነሳል። ገጹ ወጣ ገባ እንደ ሆነ ይተዋል፤ ጉድጓዶቹ ውሃ ይይዛሉና። ሣሩ አጭርና ሳሳ ያለ ይሆናል። ከዚያም አፈሩን የሚያጸኑና ለአራዊት የሚጠቅሙ ዛፎች፣ እንደ ኦክ ካሉት ለእንጨት ከሚፈለጉት ጋር በጥንቃቄ ይተከላሉ።

ቀድሞ የተጠቀጠቀውስ? ለእርሱም መላ አልጠፋም። ከ2009 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ግሪን ፎረስትስ ወርክ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከቡልዶዘር ኋላ ረጅም የብረት ጥርስ እያሰረ የደደረውን መሬት በጥልቀት ይሰነጥቃል፤ በጎ ፈቃደኞችም ችግኝ ይተክላሉ። መሬቱን ያደደረው መኪና ራሱ መልሶ ያላላዋል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ሁለተኛ ድካምና ሁለተኛ ወጪ ነው፤ ከመጀመሪያው ሳይጠቀጠቅ ቢቀር ኖሮ ባላስፈለገ ነበር።

እንግዲህ ማዕድን ወይም ድንጋይ የወጣበት ቁልቁለት «ለምቷል» ሲባል ቢሰሙ፣ በሣሩ አረንጓዴነት ብቻ አይፍረዱ። ዝናብ ካባራ በኋላ ዘንግ ይዘው ይሂዱና መሬቱን ወጋ ያድርጉት። ዘንጉ ስንዝር እንኳ ሳይገባ ከቆመ፣ የዛፉም ሥር በዚያው ይቆማል።