«እስከ ዕለተ ሞት እንጦራለን» ስለሚለው ውል

ወላጅን መጦር የልጅ ዕዳ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው የመረቁን አባቶችና እናቶች ዛሬ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ተከትለው በአሜሪካ አገር፥ በሜሪላንድና በቨርጂንያ፥ በካሊፎርንያም ይኖራሉ። ልጆቹ ማለዳ ወጥተው ማታ የሚገቡ ስለ ሆኑ፥ እናት ቀኑን ሙሉ በተዘጋ ቤት ብቻቸውን ይውላሉ። ከዚህ የተነሣ በአገሩ ሰዎች አፍ «ሲሲአርሲ» የሚባለውን የአረጋውያን መንደር ማሰብ የጀመሩ ቤተ ሰቦች አሉ።

አንዳንዶች ነገሩን እንደ ነውር ይቈጥሩታል፤ እኛ ግን እንዲህ አናስብም። በአገራችንስ ስንት ባልቴትና ሽማግሌ ቆብ ደፍተው፥ ሀብታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው፥ በገዳም አጠገብ ጎጆ ቀልሰው የቀረ ዕድሜአቸውን በጸሎት ፈጽመዋል! ከልጅ ቤት መውጣት ብቻውን መጣል አይደለም። የሚያሠጋን ሌላ ነው፤ ይኸውም የዕድሜ ልክ ጥሪት የሚከፈልበት ውል በቅጡ ሳይነበብ መፈረሙ ነው።

መንደሩ በአንድ ቅጥር ግቢ ሦስት ዐይነት ማደሪያ አለው፤ ራሱን ችሎ ለሚኖር የራሱ ቤት፥ ለመታጠብና ለመልበስ ረዳት ለሚያሻው ሁለተኛው፥ ሌሊትና ቀን አስታማሚ ለሚፈልግ ሦስተኛው። ሰው ጉልበቱ ሲደክም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ ከግቢው አይወጣም። ከባልና ሚስት አንዱ ቢታመም ሌላው በእግሩ ሄዶ ይጠይቀዋል፤ ይህ በእውነት መልካም ነገር ነው። ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች በ1967 በፔንሲልቬንያ የከፈቱት ፎክዌይስ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። (ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ዋጋው ግን ከባድ ነው። የመግቢያው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከ100,000 ዶላር በላይ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚያልፍበትም አለ። በላዩ ወርኃዊ ክፍያ አለ፤ እርሱም በየጊዜው ይጨምራል። ይህን ሁሉ ከፍሎም ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ባለቤት አይሆንም፥ ለልጁም አያወርሰውም። የገዛው ቃል ነው።

ቃሉ ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን በካሊፎርንያ ታይቷል። ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጋራ የተያያዘው ፓሲፊክ ሆምስ አረጋውያንን በአንድ ጊዜ ክፍያ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለመጦር ተዋውሎ ነበር። እነርሱም ከታሰበው በላይ ኖሩ፤ ወጪውም ናረ፤ ድርጅቱ በ1977 ከሰረ። ወደ 2,000 የሚጠጉ ነዋሪዎች ጉዳያቸውን እስከ ቤተ ክርስቲያኒቱ ድረስ በክስ አደረሱት፤ ነገሩም በ1980 በ21 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ አለቀ። በ2009ም በሜሪላንድ የተመሠረተው ኤሪክሰን የተባለው ትልቅ ድርጅት ዕዳ በዝቶበት ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በማግሥቱ ዓመት ሌላ ባለቤት ገዛው። እንግዲህ በበሩ ላይ የቤተ ክርስቲያን ስም መጻፉ ዋስትና አይሆንም። በኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ ይጠየቅ፤ ከቤቶቹም ስንቱ ሰው እንዳለበት ይጠየቅ፤ ባዶ ቤት የበዛበት መንደር ገቢው የጎደለ ነውና።

ውሉ በሦስት ይከፈላል፤ ኤ፥ ቢ፥ ሲ ይሉታል። በኤ መግቢያው ውድ ነው፤ ነገር ግን ሰውየው አልጋ ላይ ቢውልም ወርኃዊው ክፍያ በሕመሙ ምክንያት እምብዛም አይጨምርም። በቢ ጥቂት የማስታመሚያ ቀኖች በነጻ ወይም በቅናሽ ይሰጡና ከዚያ ወዲያ ሙሉ ዋጋ ይከፈላል። በሲ መግቢያው ይቀልላል፤ የሕመሙ ዕዳ ግን በሙሉ የባለቤቱ ነው። ስለ ተመላሽ ገንዘብም ልብ ይሏል፤ በየወሩ ከመቶ ሁለት እየተቀነሰ በ50 ወር የሚያልቅ አለ፤ ከመቶ ዘጠና እመልሳለሁ የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ቤቱን ሌላ ሰው ከያዘው በኋላ ነው።

«ሜዲኬር ይከፍላል» የሚሉም አሉ። ሜዲኬር የሚከፍለው በሽተኛው ሦስት ቀን በሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ የባለሙያ ነርስ ወይም ሕክምና ካስፈለገው ነው፤ ይህም ቢበዛ እስከ 100 ቀን ነው፤ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ በሽተኛውም ድርሻውን ይከፍላል። ለመታጠብና ለመልበስ ብቻ የሚሰጥ እርዳታ በዚህ አይገባም። በሆስፒታል አልጋ ላይ ማደርም ሁልጊዜ «ተኝቶ መታከም» ተብሎ አይጻፍም፤ «ለክትትል» ተብሎ ከተጻፈ ቀኑ አይቈጠርም።

ደግሞም አብዛኞቹ መንደሮች የሚቀበሉት ገና ራሱን ችሎ የሚራመደውን ነው። ልጆች «ሲብስባቸው እናስገባቸዋለን» እያሉ ሲያዘገዩ በሩ ይዘጋል።

የእኛ ሰው የሚጠይቀው ሌላም አለው። ረቡዕና ዓርብን፥ ዐቢይ ጾምንም ለሚጾም ሽማግሌ ወጥ ቤቱ ያለ ቅቤና ያለ እንቍላል ይሠራልን? ከሰል አጭሶ ዕጣን ማጠን፥ ቡና ማፍላት በብዙ ግቢ በእሳት ሥጋት የተከለከለ ነው። የእሑዱ አውቶቡስ ምእመናንን ወደ ጸሎት የሚወስደው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው፤ የእኛ ቅዳሴ እስከዚያ አይጠብቅም! ከሁሉ የሚከብደው ግን የቋንቋው ነገር ነው። በመርሳት ሕመም የተያዘ ሰው ኋላ የተማረውን ቋንቋ አስቀድሞ ሊያጣ ይችላል፤ እናት በሌሊት «ውሃ» ቢሉ የሚሰማቸው ማን ነው? በማታው ተራ አማርኛ የሚያውቅ ሠራተኛ መኖሩን መጠየቅ ከአዳራሹ ምንጣፍ ይልቅ ይጠቅማል።

ስለዚህ በቀጠሮ ሄዶ አስጐብኚውን መከተል አይበቃም። በሰንበት ማታ መሄድ፥ ከማዕዱ መቅመስ፥ ሦስተኛውን ክፍል ገብቶ ማየት ያሻል። ውሉን ጠበቃ ያንብበው። በካሊፎርንያ ሕግ የገባ ሰው በ90 ቀን ውስጥ ሐሳቡን ለውጦ ሊወጣ ይችላል፤ የሌሎቹ ክፍላተ ሀገር ቀን የተለያየ ነውና የሚያበቃበት ዕለት ከመፈረሙ አስቀድሞ በጽሑፍ ይታወቅ። መንደሩ የእንግዳ ማደሪያ ካለው ደግሞ እናት ወይም አባት ጥቂት ሌሊት ይደሩበት፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሁሉ ባልተሰበሰቡበት፥ በገዛ ቋንቋቸው፥ ቀስ ተብለው ይጠየቁ።