ሩጫና ድንጋጤ የሚጥለው ልጅ

ልጅዎ ደህና ሆኖ ውሎ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲሯሯጥ ወይም በድንገት ሲደነግጥ ራሱን ስቶ ቢወድቅ ምን ያስባሉ? ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ ይሆናል፣ ፀሐይ መትቶት ይሆናል ይላሉ። ጎረቤት በበኩሉ «ዓይን ነው»፣ «ልክፍት ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር የሚይዝም አይጠፋም። ልጁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይኑን ገልጦ ሲነሣ ነገሩ በዚያው ይረሳል። በእርግጥም አብዛኛውን ጊዜ ራስን መሳት ለክፉ የሚሰጥ አይደለም። ነገር ግን መነሻው ልብ የሆነና ከወላጅ በዘር የሚወረስ የመውደቅ ዓይነት አለ። ይህኛው ሊረሳ አይገባውም።

እ.ኤ.አ. በ1957 ዬርቬልና ላንገ-ኒልሰን የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ሐኪሞች ስለ አንድ ቤተሰብ ጽፈው ነበር። እናትና አባት ጤነኞች ናቸው። ከወለዷቸው ስድስት ልጆች አራቱ ግን ከመወለዳቸው ጀምሮ ጆሯቸው የማይሰማ ነበር፤ እነዚሁ አራቱ በየጊዜው ራሳቸውን እየሳቱ ይወድቁም ነበር። ሦስቱ በ4፣ በ5 እና በ9 ዓመታቸው በድንገት ሞቱ። የልጆቹ የልብ ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ ሲነሣ፣ ልብ አንድ ጊዜ ከመታ በኋላ ለሚቀጥለው ምት የሚዘጋጅበት ጊዜ ከልክ በላይ ረጅም ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢጣሊያ ሮማኖ፣ በ1964 በአየርላንድ ዋርድ የተባሉ ሐኪሞች ጆሯቸው በደንብ እየሰማ ይኸው የልብ ችግር ያለባቸውን ቤተሰቦች አገኙ። ሐኪሞች በሽታውን «ሎንግ ኪው-ቲ» ይሉታል፤ ኪው እና ቲ በልብ ምርመራው ወረቀት ላይ ለሚታዩት የመስመር ጫፎች የተሰጡ ፊደሎች ናቸው።

ለመሆኑ ዘር ከልብ ምት ጋር ምን አገናኘው? ልብ የሚመታው በኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚፈጠረው ደግሞ ሶዲየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም የተባሉ ንጥረ ነገሮች በልብ ሕዋሶች ግድግዳ ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ሲገቡና ሲወጡ ነው። ልብ ከመታ በኋላ ፖታሲየም ወደ ውጭ ሲወጣ ሕዋሱ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል፤ ለሚቀጥለው ምትም ዝግጁ ይሆናል። በሮቹ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያዘው ከእናትና ከአባት የምንወርሰው ጂን ነው። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትሳሳት በሩ በሚገባ አይከፈትም፤ ፖታሲየሙ ይዘገያል፤ የልብ ዝግጅትም ይረዝማል። በዚህ መካከል ያለ ጊዜው የመጣ ምት ቢያጋጥም ልብ ሥርዓቱን ያጣና ደም መርጨቱን ትቶ መርገብገብ ይጀምራል። አንጎል ደም ሲያጣ ልጁ ይወድቃል፤ ሊንፈራገጥም ይችላል። ብዙ ጊዜ ልብ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ያስተካክላል። ካላስተካከለ የሚከተለው ሞት ነው።

ዋና ዋናዎቹ ሦስት ጂኖች ተለይተው የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 ነው። ሁለቱ የፖታሲየምን፣ አንዱ የሶዲየምን በር የሚመለከቱ ናቸው። የኖርዌዮቹ ልጆች ነገርም በዚሁ ተፈታ። አንደኛው የፖታሲየም በር በውስጠኛው ጆሮም ውስጥ ይሠራል። ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸውን ጂን የወረሰ ልጅ ልቡም ጆሮውም ይጎዳል። በመሆኑም መስማት የተሳነው ልጅ ራሱን የሚስት ከሆነ ሳይውል ሳያድር ልቡ ሊመረመር ይገባል።

በብዛት የሚታየው ግን ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚወረሰው ነው። እያንዳንዱ ልጅ ጂኑን የመውረስ ዕድሉ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው፤ ግማሽ በግማሽ። አንዳንዱ ወራሽ ዕድሜውን ሙሉ ሳይወድቅ ይኖራል፤ ለልጁ ግን ያስተላልፋል። በእኛ ዘንድ ልጅ ሲታመም ጣት የሚቀሰረው ወደ እናት ነውና ይህን ማስታወስ ደግ ነው፦ አባትም እኩል ያወርሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ ከ44,000 በላይ የኢጣሊያ ሕፃናት የተመረመሩበት ጥናት በሽታው ከ2,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ እንደሚገኝ አመልክቷል።

ልጅዎ የወደቀው ምን ሲያደርግ ነበር? ለሐኪሙ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የዚህ መልስ ነው። በአንደኛው ዓይነት በሽታ የሚጥለው ሩጫ፣ በተለይም ዋና ነው። በሁለተኛው ድንገተኛ ድምፅ ነው፤ የማንቂያ ሰዓት፣ የስልክ ጥሪ፣ በኃይል የተዘጋ በር። በሦስተኛው አደጋው የሚመጣው በዕረፍትና በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ልጁ ከመውደቁ በፊት ምን እንደነበር ካልተነገረው ሐኪሙ መንፈራገጡን ብቻ ሰምቶ የሚጥል በሽታ ነው ሊል ይችላል፤ በብዙ አገር እንዲህ ሆኖ ለዓመታት የሌላ በሽታ መድኃኒት የዋጡ ልጆች አሉ። (የሚጥል በሽታ መድኃኒት የታዘዘለትን ልጅ ግን በራስዎ ፈቃድ እንዳያስቆሙት።) በቤተሰቡ ውስጥ ዋና እያወቀ ውኃ የበላው፣ ወይም ሳይታመም ተኝቶ ያደረ ወጣት እንደነበረ አያቶችን ይጠይቁ።

ምርመራው «ኢ.ሲ.ጂ.» ይባላል። አያምም፣ ደም አይቀዳም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በአንዱ ልጅ ላይ በሽታው ከተገኘ ወንድም፣ እኅት፣ እናትና አባትም መመርመር አለባቸው። አንድ ጊዜ ተነሥቶ ደህና የመሰለ ወረቀት ሁልጊዜ ማረጋገጫ አይሆንምና ሐኪሙ ምርመራው ይደገም ቢል አይሰልቹ።

ሕክምናው አስፈሪ አይደለም። ፕሮፕራኖሎልን የመሰሉ፣ ለደም ግፊትም የሚታዘዙ የቆዩ መድኃኒቶች በየቀኑ ሳይቋረጡ ከተወሰዱ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳሉ። አደጋው የባሰባቸው ሰዎች ደረት ላይ የሚቀበር መሣሪያ ይገባላቸዋል። በሌላ በኩል ይህ በሽታ ላለበት ሰው የማይስማሙ የታወቁ መድኃኒቶች አሉ፤ ኤሪትሮማይሲን፣ የወባው ክሎሮኪን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ከእነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት ምንም ከመግዛትዎ በፊት በሽታውን ይናገሩ። ተቅማጥና ትውከትም ፖታሲየምን ከሰውነት ስለሚያወጡ ችላ የሚባሉ አይደሉም። ለስፖርት አስተማሪውም ይንገሩ። ልጁ ወድቆ የማይተነፍስ ከሆነ ክብሪት መፈለጉን ትተው፣ እርዳታ እየጠሩ፣ የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ይጫኑ።

በሽታው ያለባት እናት ራስዎ ከሆኑ ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ። በተለይ በሁለተኛው ዓይነት፣ ከወሊድ በኋላ ያሉት ዘጠኝ ወራት ከእርግዝናው ጊዜ ይልቅ አደገኞች ናቸው፤ የእንቅልፍ ማጣቱና የሕፃኑ ድንገተኛ ለቅሶ ድርሻ እንዳላቸው ይታሰባል። ፕሮፕራኖሎል እያጠቡም የሚወሰድ መድኃኒት ነውና «ወተቱን ያበላሻል» ቢሉዎት ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቁሙት። ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ ደንግጠው ከሚነሡ፣ በአራስነትዎ ወራት ባልዎ ወይም እናትዎ አጠገቡ ተኝተው ቢያነሡልዎት ይሻላል።