መብረቅና የቢሯችን ስልክ



በጎንደርና በዙሪያዋ ደጋዎች በክረምት ነጎድጓድ ይበረታል። የየቲሞች እናቶች፣ አሳዳጊዎችና ለጋሾች የሚደውሉበት የቢሯችን የስልክ ማከፋፈያም በመብረቅ ተቃጥሎብናል። ሕንፃው ግን አልተመታም።

ብዙዎች በዚህ ይገረማሉ። መብረቅ ራቅ ብሎ ቢወድቅም በስልክና በመብራት ሽቦ ላይ ለቅጽበት ብርቱ የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም ሽቦውን ተከትሎ ገብቶ የውስጥ ካርዶችን ያቃጥላል። ማከፋፈያው ከሁለቱም ሽቦዎች ጋር ስለሚገናኝ በሁለት በር ይጠቃል። እኛ የተማመንነው በስታቢላይዘር ነበር፤ እርሱ ግን የመብራትን መዋዠቅ እንጂ መብረቅን አይመልስም። የስልኩ መስመር ደግሞ ጭራሹን ክፍት ነበር።

መፍትሔው በሁለቱም መግቢያዎች ላይ የግፊት መከላከያ አስገብቶ፣ ሁለቱንም ከአንድ የመሬት ሽቦ ጋር በአጭር መንገድ ማገናኘት ነው። ከመሬት ያልተያያዘ መከላከያ ጌጥ ብቻ ነው። ቅርብ የወደቀውን መብረቅ ይህም ሁልጊዜ አይችለውምና ደመናው ሲጠቁር የመብራቱንም የስልኩንም መሰኪያ መንቀል ይሻላል። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን ሽቦ መንካትም ሆነ በሽቦ ስልክ መነጋገር ለሕይወት ያሰጋል።

የየቲሞች ገንዘብ አማና ነውና ለጥገናው አንነካውም፤ ወጪው ከቢሮ ማስኬጃ መዋጮ ይሸፈናል። እስከዚያው አንዱን መስመር በቀጥታ ከአንድ ስልክ ጋር ስላገናኘን፣ ከተያዘባችሁ ደግማችሁ ደውሉልን።