ለሌሊት መንገድና ለሌሊት ሥራ የሚሆን የእጅ ባትሪ አመራረጥ

በዋግ ኽምራ ደጋ እንደ መላው አገራችን ሁሉ ፀሐይ በምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ የምትወጣውም በንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ ከዕድሜያችን እኩሌታው የሚያልፈው በጨለማ ነው። ይህን ጊዜ ግን ሰው ሁሉ ተኝቶ አያሳልፈውም። ካህናትና ዲያቆናት ለማኅሌትና ለኪዳን በሌሊት ይነሣሉ፤ ባላገሩ የከብቱን ድንጋጤ ሰምቶ ወደ በረት ይወጣል፤ ንብ አርቢው ማሩን በጨለማ ይቈርጣል፤ እናት የታመመ ልጇን በመንፈቀ ሌሊት ትመለከታለች፤ ምጥ የያዛትም ሴት እስኪነጋ ድረስ አትጠብቅም።

የኤሌክትሪክ መብራት በሰቆጣ ከተማ ቢኖርም በገጠሩ ብዙ ቤት ገና አላገኘውም። በከተማውም ቢሆን በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ ሕዝቡ በጨለማ መክረሙ የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። ኩራዝ ደግሞ ዐይንን በጢስ ያስለቅሳል፤ ነፋስ ያጠፋዋል፤ በሣር ቤት ውስጥ ከወደቀም ያቃጥላል። ስለዚህ ትንሽ የእጅ ባትሪ ዛሬ እንደ ማጭድና እንደ መጥረቢያ ከቤት መሣሪያ አንዱ ሆኖ ይቈጠራል።

ሆኖም ማጭድ ሲገዛ ስለቱን ሳይሞክር፣ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ሳያይ የማይከፍል ሰው፣ የእጅ ባትሪ ሲገዛ ነጋዴው አብርቶ ባሳየው ብርሃን ተደንቆ ወዲያው ገንዘቡን ይቈጥራል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ዕቃው በመዳፍ ካልተመታ በቀር የማይበራ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መልካም የእጅ ባትሪ ማለት በሱቅ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያንጸባረቀው ሳይሆን፣ ከዓመት በኋላ፣ ወድቆና ረጥቦ፣ በአቅራቢያችን ገበያ በሚገኝ ድንጋይ የሚበራው ነው።

ንግግራችን እንዳይደባለቅ መብራቱን በሙሉ «የእጅ ባትሪ»፣ በውስጡ ገብቶ ኃይል የሚሰጠውን ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» እንለዋለን።

ስለ ብርሃኑ

የእጅ ባትሪ ጥንታዊ ዕቃ አይደለም። ዴቪድ ሚሴል የተባለ ሰው በአሜሪካ አገር የፈጠራ መብት ያገኘበት በ1891 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ ድንጋዩ ደካማ ስለ ነበረ መብራቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የወጣለት ስምም ከዚሁ ብልጭታ የመጣ ነው። ቀጭን ሽቦ እያጋለ የሚያበራው የቀድሞው አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን በሙቀት ያባክነዋል። በዘመናችን ቦታውን የያዘው ኤል ኢ ዲ የሚባለው ነው። ነጩ ብርሃን የሚገኘው ከሰማያዊው ኤል ኢ ዲ ስለ ሆነ፣ ይህን ለሠሩት ለሦስቱ ሊቃውንት፣ ለኢሳሙ አካሳኪ፣ ለሂሮሺ አማኖና ለሹጂ ናካሙራ፣ በ2007 ዓ.ም. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ኤል ኢ ዲ ኃይል ቈጣቢና ለመውደቅ የማይበገር ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የሽቦ አምፖል ያለውን መግዛት አያዋጣም።

የብርሃን መጠን የሚነገረው ሉመን በሚባል መለኪያ ነው። አንድ ሻማ ወደ 12 ሉመን ያህል ይሰጣል። በዚህ ላይ የልጆቻችሁን ደብተር አውጥታችሁ ጥቂት ሒሳብ ሥሩ። ደኅና ኤል ኢ ዲ ከአንድ ዋት ኃይል ወደ 100 ሉመን ያህል ያወጣል። በግድግዳ ሰዓት ውስጥ የሚገባው፣ ደብል ኤ የሚባለው ድንጋይ፣ አልካላይን ከሆነ በጠቅላላው ከ2 እስከ 3 ዋት-ሰዓት ይይዛል። እንግዲህ በአንድ ድንጋይ 100 ሉመን ብናበራ ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ 10 ሉመን ብናበራ ግን ከ20 ሰዓት በላይ እናገኛለን። በትንሽ ባትሪ ካርቶን ላይ «10,000 ሉመን» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ያ ማለት 100 ዋት መሆኑ ነው፤ ይህን ያህል ኃይል ከትንሽ ድንጋይ አይገኝም፤ ቢገኝም ዕቃው ከግለቱ የተነሣ በእጅ አይያዝም። ስለዚህ ጽሕፈቱ ሐሰት ነው።

ለቤት ውስጥ ከ5 እስከ 10 ሉመን፣ ለእግር መንገድ ከ50 እስከ 100፣ ራቅ ያለውን ከብት ወይም የጅብ ዐይን ለመለየት ከ200 እስከ 300 ሉመን ይበቃል። እንግዲህ ቢያንስ ሁለት የብርሃን ደረጃ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ፣ ያለውን መምረጥ ይገባል።

በደኅና ካርቶን ላይ ርቀትና ሰዓት ተጽፎ ይገኛል። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በአሜሪካ በወጣው የመለኪያ ደንብ መሠረት፣ የተጻፈው ርቀት ብርሃኑ እንደ ሙሉ ጨረቃ ብርሃን እስኪደክም ድረስ ያለው ነው፤ የተጻፈውም ሰዓት ብርሃኑ ከመጀመሪያው አንድ ዐሥረኛ እስኪሆን ድረስ የሚቈጠር ነው። ስለዚህ «100 ሜትር» ያለውን፣ ነገርን አጥርቶ ለማየት 50 ሜትር ያህል አድርጎ መገመት ይሻላል።

ስለ ድንጋዩ

ከገዛን በኋላ ዘወትር የሚያስወጣን የድንጋዩ ዋጋ ነው። ርካሹ ዚንክ ካርቦን የሚባለው ድንጋይ ቆርቆሮው ራሱ ዚንክ ሲሆን፣ ኃይል በሰጠ መጠን ቆርቆሮው እየተበላ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ተቀዶ የሚያፈሰው ፈሳሽ የባትሪውን ሆድ ያዝገዋል። አልካላይን ዋጋው ከፍ ቢልም ብዙ እጥፍ ይቈያል፤ ይሁን እንጂ ባዶ ሆኖ ከተረሳ እርሱም ያፈሳል። ደጋግሞ የሚሞላው፣ ኒኬል የሚባለው ደብል ኤ ድንጋይ፣ ቻርጀርና ሶላር ላለው ቤት ዋጋውን ይመልሳል።

ሦስተኛው ዐይነት ሊትየም ነው፤ ከእርሱም የታወቀው 18650 የሚባለው ሲሆን፣ ቍጥሩ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። ኃይሉ ብዙ ነው። ነገር ግን በዚህ ልክ የተሠራ ድንጋይ ከ3,600 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ገደማ አይዘልም። «9,900» ተብሎ የተጻፈበት ካያችሁ ሐሰተኛ መሆኑን ዕወቁ። እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ በእጅ ሲያነሡት በጣም የቀለለውን መጠራጠር ይገባል።

በቀጥታ ሶኬት ላይ እየተሰካ የሚሞላው ትልቁ የፕላስቲክ ባትሪ በውስጡ ብዙ ጊዜ የእርሳስና የአሲድ ድንጋይ አለው። ይህ ድንጋይ ባዶውን ከተቀመጠ ፈጥኖ ይሞታል። መብራት በሚጠፋበት አገር ደግሞ ባዶውን መቀመጡ አይቀርም። እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው፤ ለቤተ ሰብ በደብል ኤ ድንጋይ የሚሠራውን፣ በየሌሊቱ ለሚሠራና የመሙያ ስፍራ ላለው ሰው ደግሞ 18650 የሚቀበለውን ምረጡ፤ ድንጋዩ የማይወጣውንና የማይለወጠውን ግን ተዉት፤ ድንጋዩ የሞተ ዕለት ዕቃው በሙሉ ይሞታልና።

ስለ አካሉ

የእጅ ባትሪ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በኤል ኢ ዲው ሳይሆን በማብሪያው፣ በሞላውና በመጋጠሚያው ነው። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ ክፈቱት። ሞላው ጠንካራ፣ የመጠምዘዣው ጥርስ ጥልቅና ንጹሕ፣ በአንገቱም የጎማ ቀለበት ያለው ይሁን። ከዘጋችሁ በኋላ አብርታችሁ በመዳፍ መታ መታ አድርጉት፤ ብርሃኑ ከተርገበገበ መልሱለት። አሉሚኒየሙ ከፕላስቲኩ ይበረታል፤ በደጋ ብርድ ግን እጅን ያቀዘቅዛልና ገመድና ጐርበጥ ያለ መያዣ ያለው ይሻላል።

ስለ ውኃና ስለ አቧራ «አይ ፒ» የሚል ምልክት ይጻፋል። «አይ ፒ ኤክስ 4» ያለው ፍንጥቅጣቂ ውኃን ይችላል፤ «አይ ፒ ኤክስ 7» ያለው አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ለ30 ደቂቃ ቢሰጥም አይበላሽም፤ «አይ ፒ 67» ያለው ደግሞ ከዚህ በላይ አቧራ አያስገባም። የክረምቱን ዝናብና የበጋውን አቧራ ለሚያውቅ የዋግ ሰው የመጨረሻው ይመረጣል። ምልክቱን በቤት ለመፈተን ድንጋዩን አውጥታችሁ በምትኩ ደረቅ ወረቀት ጠቅልላችሁ አስገቡና ከባልዲ ውኃ ውስጥ አስቀምጡት፤ ወረቀቱ ከረጠበ ጽሕፈቱን አትመኑ።

ለየሥራው የሚስማማ

ሥራ ከሥራ ይለያል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው የተሰማራችው የጤና ሠራተኛ በሌሊት ስትጠራ ሁለት እጆቿ ሊያዙ አይገባም። ለእርሷም ለአዋላጅም በግንባር ላይ የሚታሰረው ይሻላል፤ ብርሃኑም ወደ ሰማያዊ የማያደላ፣ የደምንና የቈዳን መልክ በትክክል የሚያሳይ ይሁን። በእንዲህ ያለ ሰዓት ባትሪው ቢጠፋ የሚጐዳው ነፍስ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ባትሪ በቦርሳ ውስጥ መኖር አለበት።

በማሩ በታወቀው በዋግ አገር ንብ አርቢ ቀይ ብርሃን ያሻዋል። ንብ ቀዩን ቀለም እንደማትለይ በ1966 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ካርል ፎን ፍሪሽ በምርምር አስረድቷል። በመስተዋቱ ላይ ቀይ ላስቲክ ቢያስሩበት ቀፎው ሳይታወክ ይሠራል።

በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀው የተከዜ ግድብ በኋላ በተፈጠረው ሐይቅ ላይ በሌሊት ዓሣ የሚያጠምድ ሰው «አይ ፒ ኤክስ 7» የሌለውን አይያዝ፤ ገመዱንም በክንዱ ላይ ያጥልቀው።

ለካህናትና ለዲያቆናት ደግሞ ባትሪው የሚያገለግለው ለመንገዱና ለደረጃው ነው፤ የጧፍን ስፍራ አይወስድም። ቢሆንም በሰቆጣ አካባቢ እንዳለው እንደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ባለ፣ ከዐለት በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቀንም ጨለማ ስላለ፣ ሽማግሌ እንዳይሰናከል ዝቅተኛ ብርሃን ያለው ትንሽ ባትሪ በኪስ መያዝ ይጠቅማል።

ብዙ ሰው ዛሬ የስልኩ መብራት ይበቃኛል ይላል። ለአንድ አፍታ ይበቃል፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ ሰው የሚጠራበትን ስልክ በመብራት መጨረስ ብልኅነት አይደለም።

ስለ አጠባበቁ

አሮጌና አዲስ ድንጋይ አታደባልቁ። ለወር ያህል የማትጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን አውጡ። አልካላይን ድንጋይ አፍስሶ ነጭ ዱቄት ካሳየ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ በነከረ ጨርቅ ጠርጉትና አድርቁት። የሞላው ጫፍ ከተነቀለ በሰቆጣም በሌላም ከተማ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው በስታኞ ይበይደዋል፤ ለዚህም ነው የሚከፈተውን ግዙ ማለታችን። የሊትየም ድንጋይ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር በኪስ አይያዝ፤ በእሳት ውስጥም አይጣል፤ ሰው በሚተኛበት አልጋ አጠገብም አይሞላ። በትንንሽ ባትሪዎች ውስጥ ያለውን እንደ ቍልፍ ክብ የሆነ ድንጋይ ከሕፃናት አርቁ፤ ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥል ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል።

በአሥሩ ቆነጃጅት ምሳሌ አምስቱ ከደጅ የቀሩት መብራት ስላልነበራቸው አይደለም፤ መብራት ነበራቸው፤ የጐደላቸው መጠባበቂያው ዘይት ነበር። የእጅ ባትሪ የያዘ ሰውም ነገሩ እንዲሁ ነው። እንግዲህ ወደ ገበያ ስትወርዱ አስቀድማችሁ «ድንጋዩ እዚህ ይገኛልን? ይከፈታልን? ቢወድቅና ቢረጥብ ይበራልን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስለ ብርሃኑ ብዛት የምትጠይቁት ከዚህ በኋላ ይሁን። ገዝታችሁም ስትመለሱ ሁለት ትርፍ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከባትሪው ጋር በአንድ ስፍራ አኑሩ፤ ስፍራውንም ከልጅ እስከ ሽማግሌ የቤቱ ሰው ሁሉ በጨለማ ዳብሶ የሚያገኘው ይሁን።