የሚያፈስ የጎተራና የመኖሪያ ቤት ጣሪያ፦ ቀዳዳውን ፈልጎ ማግኘትና መጠገን

በደጋና በወይና ደጋ ቀበሌዎቻችን የመኸር ሰብል ከኅዳር ጀምሮ ተወቅቶ ወደ ጎተራ ይገባል። ይህ እህል እስከ ቀጣዩ አጨዳ ድረስ የሚቆይ በመሆኑ የዓመቱን ከባድ ዝናብ በሙሉ የሚያሳልፈው በጣሪያችን ሥር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየቤቱ የቀረው እህል ጥቂት ነው፤ ቤተሰቡ አብዝቶ የሚፈልገውም ያን ጊዜ ነው። ለዘር የተለየው ጤፍና ሽንብራ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበር የመጣው ዩሪያና ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያም ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቀመጣል። ዩሪያ እርጥበት ካገኘ ይረጋግዳል ወይም ይሟሟል። ስለዚህ የጣሪያ ጥገና የአናጢ ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የድኅረ ምርት አያያዝ አንዱ ክፍል ነው። በሥልጠናዎቻችን ስለ ነቀዝና ስለ አይጥ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ጣሪያ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ጠብታው የሚወርድበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደሉም። በቀዳዳ የገባ ውሃ በቆርቆሮው የውስጥ ገጽ ተንሸራትቶ ማገር እስኪያገኝ ይወርዳል፤ ማገሩን ይዞም ወደ ጎን ይሄዳል፤ ጉጥ ወይም ሚስማር ሲያገኝ ያኔ ይንጠባጠባል። ከጠብታው ትክክል ላይ ወጥቶ ሬንጅ የቀባ ሰው ደህናውን ቆርቆሮ ቀብቶ ይወርዳል፤ በቀጣዩ ዝናብም ቤቱ ያፈሳል። ቀዳዳው የሚገኘው ከጠብታው ከፍ ብሎ ወደ ጉልላቱ በኩል ነው፤ አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ሜትር ርቆ።

ያፈሳል ወይስ ያልበዋል?

መሰላል ከማንሳት በፊት ጣሪያው በእርግጥ የሚያፈስ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቆርቆሮ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በቤት ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይያዛል፤ ንጋት ላይም ይንጠባጠባል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ዝናብም ሳይዘንብ ባደረ ማግሥት የቆርቆሮው ሆድ ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ጠብታ ተሸፍኖ ከታየ፣ ያ ላብ እንጂ ቀዳዳ አይደለም። በቀዳዳ የሚገባ ውሃ ግን ከዝናብ ጋር ይመጣል፤ በአንድ መስመር ይወርዳል፤ ማገሩ ላይም ቡናማ ወይም ጥቁር የውሃ መንገድ ይተዋል።

ላብን ሬንጅ አያስቆመውም። ከግድግዳው ጫፍ በታች በሁለት ትይዩ ጎኖች የአየር መተላለፊያ ክፍተት መተውና አይጥና ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ መሸፈን ይረዳል። ሳይደርቅ የገባ እህልም ራሱ እርጥበት እየሰጠ ላቡን ያባብሰዋል። ኩንታሎቹ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳም ከጣሪያም ርቀው ይደርደሩ።

መቼ ነው የሚያፈሰው?

ቤተሰቡ ጣሪያው መቼ መቼ እንደሚያፈስ ያውቃል። ይህን በጥንቃቄ መጠየቅ ግማሹን ሥራ ያቀላል፤ በተለይ ቤት የሚውሉትን ሴቶችና ልጆች ይጠይቁ።

ቀስ ብሎ ቀኑን ሙሉ በሚዘንብ ዝናብም የሚያፈስ ከሆነ፣ ችግሩ በአብዛኛው የላላ ሚስማር ወይም ዝገት የበላው ቀዳዳ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ነፋስ አያስፈልገውም፤ ውሃው በላዩ ማለፉ ብቻ ይበቃል።

ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ከአንድ አቅጣጫ ሲመጣ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ፣ ሚስማሮቹን ትተው የቆርቆሮዎቹን የጎን መደራረቢያ ይመልከቱ። ጉልላቱን የሚሸፍነውን እጥፍ ቆርቆሮም እንዲሁ። ነፋስ ውሃን ዳገት ያስወጣል። መደራረቢያው አፉን ወደ ነፋሱ መምጫ ከከፈተ፣ ወይም አንድ ጉብታ ብቻ ከተደረበ፣ ዝናቡ ተገፍቶ ይገባል። በየአካባቢው ወጀቡ አዘውትሮ የሚመጣበት አቅጣጫ ይታወቃል። ቆርቆሮ ሲመታ ከነፋሱ መምጫ ተቃራኒ ካለው ጫፍ ተጀምሮ ወደ ነፋሱ መደረብ አለበት፤ በዚህ መንገድ የመደራረቢያው አፍ ለነፋሱ ጀርባውን ይሰጣል።

ዶፍ ሲወርድ ብቻ የሚያፈስ ጣሪያ ደግሞ ዘቅዛቃነቱ አንሷል ወይም የላይና የታች ቆርቆሮዎቹ መደራረቢያ አጥሯል። ይህ መደራረቢያ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ጣሪያው ለጥ ያለ ከሆነ 20 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ መሆን ይገባዋል። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል እዚህ ላይ የሚቀነሰው አንድ ስንዝር በኋላ ብዙ ያስከፍላል።

በረዶ ከጣለ በኋላ ብቻ የሚያፈስም አለ። ሁለት ጣሪያዎች በሚገናኙበት ቦይ ወይም በአሸንዳው ውስጥ በረዶው ይከመርና ውሃውን ይገድበዋል፤ የተገደበው ውሃም ወደ ኋላ ተመልሶ በመደራረቢያው ሥር ይገባል። የባሕር ዛፍ ቅጠል የሞላው አሸንዳም ሥራው ተመሳሳይ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ጥገናው መጥረግ ነው።

ቀዳዳውን ማግኘት

ፀሐይ በከረረች ቀን፣ ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ በርና መስኮት ዘግተው ወደ ውስጥ ይግቡ። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ይቆዩ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን እንኳ ትታያለች። ቀጭን ሽቦ ወይም ጠንካራ ሰንበሌጥ በቀዳዳው ወደ ላይ ይውጋ፤ ከላይ ያለው ሰው በቀላሉ ያየዋል። በመደራረቢያ ዳር የሚታይ ብርሃን ግን ሁልጊዜ የሚያፈስ ቀዳዳ አይደለም።

በብርሃን ያልተገኘው በውሃ ይፈለጋል። አንድ ሰው በችግኝ ውሃ ማጠጫ ከላይ ያፈሳል፤ ሌላው ከውስጥ ይመለከታል። ውሃው መፍሰስ ያለበት ከታች፣ ከጠፈጠፉ በኩል ተጀምሮ ነው። አንድ ቦታ ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል ፈሶ ጠብታ ካልታየ አንድ ክንድ ከፍ ይባላል። ከጉልላቱ የጀመረ ሰው ውሃው በታች ያለውን ሁሉ ስለሚያረጥበው የትኛው ቀዳዳ እንዳስገባ ሊለይ አይችልም። ጠብታው እንደታየ ማፍሰሱ ይቁም፤ ቦታው በከሰል ወይም በጠመኔ ይመልከት። ከውስጥ የተገኘውን ቦታ ወደ ውጭ ለማዛወር ከጉልላቱ ያለውን ርቀትና ከጎን ግድግዳው ያለውን ርቀት በገመድ መለካት በቂ ነው።

ምልክት ማድረጊያው ጊዜ ክረምቱ ራሱ ነው። ሐምሌ ላይ ውሃው ሲገባ ማገሩን በከሰል ያስምሩ፤ ጥገናው ግን ከጥር እስከ መጋቢት፣ ሥራ ቀለል ሲል በደረቅ ጣሪያ ላይ ይሠራ። አብዛኛው ሰው ጣሪያ የሚወጣው ሰኔ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ቆርቆሮው ያዳልጣል፣ ሬንጁም እርጥብ ላይ አይይዝም። የሚያዝያና የግንቦት ወጀብ ካለፈ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ዞሮ ማየት ያስፈልጋል። ደመና ሲያጉረመርም ጣሪያ ላይ መገኘት በጭራሽ አይገባም። በቆርቆሮ ላይ ሲሄዱም እግር የሚያርፈው ማገር ባለበት፣ በሚስማሮቹ መስመር ላይ ነው፤ ጣውላ ተዘርግቶ ቢሆን ይመረጣል።

ቆርቆሮን መጠገን

በየቀበሌው የሚታየው ትልቁ ስህተት ሚስማርን በቆርቆሮው ቦይ ውስጥ መምታት ነው። ውሃው የሚሄደው በቦዩ ስለሆነ እዚያ ያለ ሚስማር ዝናብ በዘነበ ቁጥር በውሃ ውስጥ ይሆናል። ሚስማር በጉብታው ላይ መመታት አለበት። ከሥሩም የጎማ ቁራጭ ሊኖረው ይገባል፤ የተገዛው ሚስማር ጎማ ከሌለው ከአሮጌ ከመነዳሪ ተቆርጦ ሊሠራ ይችላል።

ሚስማር ለምን ይላላል? አብዛኛው ማገራችን እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይጠባል፤ ሚስማሩን የያዘው ቀዳዳ ይሰፋል፤ ከዚያ ነፋስ ቆርቆሮውን ባነሳና ባስቀመጠ ቁጥር ሚስማሩ ጥቂት ጥቂት ይወጣል። ይህን በመዶሻ መልሶ መምታት ለአንድ ሳምንት ይረዳ ይሆናል። አብዝቶ መምታት ደግሞ ጉብታውን አጎድጉዶ ውሃ የሚቋጥር ጉድጓድ ይሠራል። የላላው ሚስማር ተነቅሎ በረዘመና በወፈረ ሚስማር ከነጎማው ይተካ። ማገሩ በስብሶ ከሆነ ግን የትኛውም ሚስማር አይይዝም፤ መለወጥ ያለበት ማገሩ ነው።

ትንሽ የዝገት ቀዳዳ ሲገኝ ዙሪያው በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ይጽዳ፤ ይድረቅ፤ ሬንጅ ይቀባ፤ በላዩ የጆንያ ጨርቅ ተለጥፎ ድጋሚ ሬንጅ ይቀባ። ጨርቁ ቀዳዳውን በየአቅጣጫው አራት ጣት ያህል ማለፍ አለበት። ቀዳዳው ከመዳፍ ከሰፋ በቆርቆሮ ቁራጭ ይሸፈናል። እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር የቁራጩ የላይኛው ጫፍ ከላይ ባለው ቆርቆሮ ሥር መግባቱ ነው። ከላይ ተለጥፎ ዙሪያውን ብቻ የተቀባ ቁራጭ ሬንጁ ሲሰነጠቅ ውሃውን ራሱ ይቀበላል።

በሲሚንቶ ወይም በጭቃ መድፈን አይመከርም። ቆርቆሮ በፀሐይ ይለጠጣል፣ በሌሊት ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት ስለማይሄድ በዙሪያው ይሰነጠቃል። ነፋስ እንዳይወስደው ተብሎ በጣሪያ ላይ የሚጫን ድንጋይም ሥሩ እርጥበት እየያዘ ቆርቆሮውን ያዝገዋል፤ ወጀብ ሲመጣ ደግሞ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ነፋስ ጣሪያን መግለጥ የሚጀምረው ከጠርዝና ከጉልላት ነው። ስለዚህ በጠርዙ ማገር ላይ ሚስማሩ በየሁለት ጉብታው ይመታ፤ ማገሩ ከወራጁ፣ ወራጁም ከቋሚው ጋር በሽቦ ይጠፈር።

አዲስ ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው የጌጁ ቁጥር ሲያድግ ውፍረቱ እንደሚቀንስ ይወቅ። 32 ጌጅ ከ28 ጌጅ የሳሳ ነው። ሁሉንም መለወጥ ካልተቻለ፣ በረዶ በሚበዛበት አካባቢ ቢያንስ የጎተራው ክዳን በወፍራሙ ቢሠራ የተሻለ ነው።

የሣር ክዳን

ሣር ክዳን በደንብ ከተሠራ ከቆርቆሮ ይልቅ ለእህል ይስማማል፤ አያልበውም፣ የቀኑንም ሙቀት ያበርዳል። በመንዝ የጓሳ ሣር ለክዳን ተፈላጊ ሆኖ የቆየውና ግጦሹም በሥርዓት ሲጠበቅ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። የሣር ክዳን የሚጎዳው ሲለጥ ነው፤ ውሃው ቶሎ ካልወረደ ሣሩ ይበሰብሳል። እጅ ሲገባበት ከላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከረጠበ ደህና ነው፤ ጥቁርና የሚፈረፈር ሆኖ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ያ ክፍል ይነሣ። ሲጠገን አዲሱ እስር ከላይ ባለው ሣር ሥር ወደ ላይ ተገፍቶ ይገባል እንጂ በላዩ አይጣልም። የጎተራው ግድግዳ በጭቃና በእበት የተለሰነ ስለሆነ ጠፈጠፉ ከግድግዳው በደንብ እንዲርቅ ክዳኑ ወደ ውጭ መርዘም አለበት።

እህሉ ከረጠበ

ጣሪያው እስኪጠገን አይጠበቅም። የረጠበውና የተጋገረው ክፍል በዚያው ቀን ከደረቁ ይለይ፤ በሸራ ላይ ስስ ሆኖ ይሰጣ። እርጥቡን ከደረቁ ጋር ቀላቅሎ "ይመጠዋል" ማለት ሁሉንም ማበላሸት ነው። በቆሎ ለማከማቸት እርጥበቱ ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ጨው ይረዳል፦ በፀሐይ በደንብ የደረቀ ደቃቅ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ተደርጎ፣ የጠርሙሱ ሲሶ ያህል በቆሎ ወይም ስንዴ ይጨመርና ተዘግቶ ለጥቂት ደቂቃ ይናጥ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተጣበቀም ወደ 13 እንዲወርድ አንድ ሁለት ቀን መጨመር ይገባል። ፒክስ ከረጢት ነቀዝን አየር አሳጥቶ ይገድላል፤ ያልደረቀን እህል ግን አያደርቅም።

በሻገተ በቆሎ፣ ማሽላና ለውዝ ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖር ይችላል። ጉበትን ይጎዳል፤ መቀቀልና መቁላት አያስወግደውም። ለሚታለብ ላም ቢሰጥ ወደ ወተቱ ያልፋል፤ ለዶሮም አይሆንም። የሻገተው ተለይቶ ሰውና እንስሳ በማይደርስበት ይቀበር።

ረጥቦ የደረቀ ዘር መልኩ ደህና ቢመስልም ከመዝራት በፊት ይፈተን። ሳይመረጥ 100 ፍሬ ተቆጥሮ በረጠበ ጨርቅ ይጠቅለል፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየታየ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቆይና የበቀለው ይቆጠር። ቁጥሩን ይዘው ወደ ልማት ጣቢያ ሠራተኛዎ ቢሄዱ የዘሩን መጠን መጨመር ወይም ዘሩን መለወጥ እንደሚሻል አብራችሁ ትወስናላችሁ። ይህ ፈተና መሠራት ያለበት ዘር ለመለወጥ ጊዜ ሳያልፍ፣ ከዘር ወቅቱ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው።